«ቀላል ልበሱ» የተባለ ዕለት

አዝሩ፣ ሜይ 19 ቀን 2019
ረመዳን አጋማሽ

ለወንድሜ ለዛይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። የእናቴ ልጅ፣ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እዚያ ቀኑ ረጅም ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ከሥራው ጋር ጾሙ እንዳይጎዳህ እፈራለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ይህም መኖር ከተባለ አለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የአክስታችን ልጅ ሀሩ ነው። መኪናውን ጭኖ ማክሰኞ ይነሳል፣ በመርከብ ተሻግሮ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ደውለህ ስትጠይቀኝ «በኋላ እነግርሃለሁ» እያልኩ የምዘጋብህ አኩርፌህ አይደለም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አባባ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። የማወራውን ሁሉ አፌን እያየ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ ይገባዋል፣ አንዳንዴ አይገባውም፤ የትኛው ቀን እንደሚገባው ግን እኔ አላውቅም። ስለዚህ እሱ ሲተኛ ሲተኛ እየጠበቅኩ ነው የጻፍኩት። ፊደሌ ቢጣመም አትፍረድብኝ።

አብሮ አደግ ጓደኛህ አቃ መሞቱን ታውቃለህ። ተራራው ላይ፣ በረዶ ውስጥ መሞቱንም ታውቃለህ። ቀሪው ግን የደረሰህ ተቆራርጦ ነው፤ ስልክ ላይ የሚጻፈውም ግማሹ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የቢስክሌት ማኅበሩ ጉዞ ግን እንደ ድሮው ነበር። ብርዱ ሲያልቅ፣ ቼሪው ማበብ ሲጀምር፣ ከአዝሩ ተነስተው በዛድ ተራራ አናት አቋርጠው ሚደልት ድረስ ይነዳሉ። መንገዱን አንተም ነድተኸዋል፤ በዚያ ሰሞን የዛድ አናት እንደ እንጀራ እናት ነው፣ ፊቱ ሲስቅልህ አይታመንም። ከዚህ ስትነሳ ፀሐይ ታቃጥልሃለች፤ ሐይቁ ጋ ዝናብ ይመታሃል፤ አናቱ ላይ በረዶ፤ ማዶ ስትወርድ ደግሞ አቧራና ትኩስ ነፋስ። ደራርበህ ከለበስክ ዳገቱ ላይ በላብህ ትርሳለህ፣ የረጠበው ልብስ ኋላ ቁልቁለቱ ላይ ያቀዘቅዝሃል። ቀለል አድርገህ ከለበስክም ያው ነው። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ከጎማውም፣ ከፍሬኑም፣ ከምሳውም ይልቅ ሰው የሚጨነቀው ምን ልልበስ ብሎ ነበር። መልሱን የሚሰጠው አባባ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዛድን መንገድ በበረዶ መጥረጊያው መኪና የጠረገ ሰው ነውና፣ ሰማዩን አይቶ የሚሳሳት አይመስለንም፤ ተሳስቶም አያውቅም። ጎህ ሲቀድ ጣራ ላይ ይወጣል፣ ተራራውን አየት ያደርጋል፣ ይወርድና አንዲት ቃል ይናገራል። «ሹራብ።» ወይም «የዝናብ ልብስ።» ወይም «ቀላል።» ደጃችን የተሰበሰበው ሁሉ እንዳለው ይለብሳል። ከኋላ የሚመጣ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሐጂ ምን አሉ?» ነበር።

አባባ ከአምና ጀምሮ ልክ አልነበረም። ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረ። እኔን በእናታችን ስም ፋድማ እያለ ጠራኝ። አንድ ቀን ሱብሒ ሊሰግድ ወጥቶ ሳይመለስ ረፈደ። ያገኘው አቃ ነው። ጡረታ ከወጣ ስንት ጊዜው፣ የመንገድ ሥራ ግቢው በር ላይ ቆሞ «ቁልፉን የያዘው ልጅ ዘገየብኝ» ይላል። አቃ ከዳቦ ቤቱ ሮጦ ነበር የመጣው፤ ዱቄት በነካው እጁ አባባን ይዞ አመጣልኝ። ሌላ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «ኢቶ፣ ይህ ነገር በእኔና ባንቺ ይቅር» አለኝ። «ሐጂን ሰው ፊት አናዋርዳቸው።» እኔም ይቅር አልኩት። ገመናችንን የሚሸፍን ሰው በመገኘቱ አላህን አመሰገንኩ። አንተና አቃን በአንድ ቢስክሌት፣ አንዳችሁን ከፊት አንዳችሁን ከኋላ አድርጎ መንዳት ያስተማራችሁ አባባ ነው። አቃ ያንን ሳይረሳ ሞተ።

የጉዞው ዕለት እሑድ ነበር። ዋዜማውን ከደቡብ ሞቃት ነፋስ ሲነፍስ አመሸ። ጠዋት ደጃችን ሞላ። ሻይ አፍልቼ አዞርኩ። ግማሹ ሁለት ሹራብ ደርቧል፣ ግማሹ ቁምጣ ለብሶ ሻንጣውን አቅፎ ቃል ይጠብቃል። ባሱ ሾፌሩ መኪናውን አቁሟል፤ እንደ ወጉ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ትርፍ ልብሳቸውን የሚይዝላቸው እሱ ነበር። ጀዋድ የሚባል አዲስ የጂኦግራፊ አስተማሪ አለ፣ አምና ከቅኒጥራ የተዛወረ፤ እሱ ከእግር እስከ አንገቱ ተጀቡኖ መጣ።

«አስተማሪ፣ ፍራሽህንስ የት ረሳኸው?» አለው ባሱ።

«ስልኩ ከቀትር በኋላ በረዶ ይላል» አለ ጀዋድ። «ሳቅ፤ ማታ እንገናኛለን።»

«ስልክህ ሐጂን ጠይቋል?»

ተሳሳቁ። አባባ ከጣራው ወረደ። እንደ ሁልጊዜው አብሯቸው ሊነዳ ማሊያውን ለብሶ፣ ጢሙን አበጥሮ ሳየው ያን ቀን እውነትም ደህና ሰው መስሎኝ ነበር። ግራና ቀኝ አያቸውና «ቀላል ልበሱ» አለ። «ማሊያና ቁምጣ ይበቃል። ሹራቡንም፣ ጓንቱንም፣ የዝናብ ልብሱንም ለባሱ ስጡት። ባሱ ከኋላ አይንቀርፈፍ፤ ቀድሞ ሚደልት ይውረድና ምሳውን ያሰናዳ።»

ጀዋድ ጠጋ ብሎ «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንበያው እኮ...» ሲል አቋረጠው።

«ልጄ፣ በአጨዳ ሰሞን ሹራብ የሚለብስ ማነው? በጎቹ እንኳ ተሸልተዋል።»

ሁሉም ሳቀ። ዛይድ፣ ስንዴው ገና ቁርጭምጭሚት አልደረሰም ነበር። በግ የሸለተ ሰው በአገሩ የለም። አባባ ድሮም ቀልደኛ ስለሆነ ቀለደ ብለው ሳቁ፣ አስተማሪውን እየተረበላቸው መሰላቸው፣ ሻንጣቸውን እያነሱ ባሱ መኪና ላይ ወረወሩ። እኔ አልሳቅኩም። ቀና ስል አቃም አልሳቀም፤ እኔን ያያል።

የሻይ ብርጭቆ የሚመልስ መስሎ መጣና ጆሮዬ ሥር «አይዞሽ» አለኝ። «ከጎናቸው አልለይም።»

«ለሰዎቹ ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ? ስንት ዓመት አፋቸውን እያየን ስንለብስ ኖረን፣ ዛሬ በገዛ ደጃቸው 'ሐጂ አእምሯቸው ሄዷል' ልበል?»

«እሺ አንተ እንኳ ሹራብህን ልበስ።»

«እኔ ከለበስኩ ሌላው ለምን ይላል። ተይው። እስከ ሐይቁ ደርሰን ደክሞኛል ብዬ እመልሳቸዋለሁ፤ እኔን ብለው ይመለሳሉ።»

ያሙና፣ ሚስቱ፣ ከመንገዱ ማዶ ትንሿን ልጅ አዝላ፣ የሱፍ ሹራቡን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሄደና ተቀበላት። ለመልበስ መስሏት ፊቷ በራ። እሱ ግን አጣጠፈና ወደ ባሱ መኪና ወረወረው።

«አቃ፣ ኧረ ልበሰው» አለችው።

«ሐጂ ያሉትን ሰምተሻል» አላት። ሕፃኗን ግንባሯ ላይ ሳማትና ኮርቻው ላይ ወጣ። ከኋላ ኪሱ ውስጥ፣ ከመሐረብ የማትወፍር የነፋስ ጃኬት ሻጥ ማድረጉን እኔ አይቻለሁ። የያዘው እሷን ብቻ ነው።

እነሱም ሄዱ፣ እኔም ብርጭቆ ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጀዋድ ነው የነገረኝ፣ ሆስፒታል መተላለፊያው ላይ ተቀምጦ። እስከ ቲማሕዲት ድረስ አባባ ልክ ነበር ይላል። ፀሐይ ነበር፣ ሁሉም በላብ ተጠምቋል፣ ጀዋድን «አሁንስ ቀቅለንህ አንበላህም?» እያሉት ነበር። የዝናብ ልብሱን ግን አልሰጠም፤ ማሊያው ሥር ለብሶ ደብቋት ነበር። ይህን ሲነግረኝ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ነው።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ነፋሱ ዞረ። ከሰሜን መጣ። ዝናብ ጣለ፤ ዝናቡ ወዲያው ወፈረ። ጀዋድ እንመለስ አለ። አቃም እንዳሰበው ደክሞኛል አለ። አባባ ግን «ማዶው ፀሐይ ነው፤ የዛድ ማዶ ሁልጊዜ ፀሐይ ነው» ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። ይህንን ድሮም ይል ነበር፤ ያኔ እውነት ነበር። አቃ ለሌሎቹ «የፈራ ይመለስ፣ ነውር የለውም፤ እኔ ከሐጂ ጋር ነኝ» አላቸው። ማን ይመለሳል? እኔ ፈራሁ ብሎ ዞሮ አዝሩ ገበያ ላይ የሚሄድ ወንድ ከየት ይመጣል? አንዱ አንዱን እያየ ሁሉም ተከተለ።

በረዶው የጣለባቸው አናቱ ሳይደርሱ ነው። ከፊትህ ያለውን ጎማ አታይም ይላል ጀዋድ። አንገት ላይ ሲወርድ ያቃጥላል፣ ማሊያው ገላ ላይ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለው ፍሬን መጨበጥ አቃታቸው። አንዱ ወደቀ። አንዱ ሲያናግሩት ምላሱ ተሳስሮ እንደ ሰከረ ሰው ይንተባተባል። ከመንገዱ ዳር የወዳደቀ የመኖ ከረጢት ቀደው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ጀዋድ የደበቃትን የዝናብ ልብስ አውልቆ ለተንተባተበው አለበሰው። በመጨረሻ ከመንገዱ በታች የበግ ጠባቂዎች ድንኳን አገኙ። የድንኳኑ እመቤት ለሳምንት ያኖረችውን እንጨት በአንዴ አነደደችላቸው፤ ሱሪዋን ሳይቀር አውጥታ አለበሰቻቸው። አላህ ጀነትን ይስጣት።

እሳቱ ዳር ሲቀመጡ ነው ሁለት ሰው መጉደሉን ያወቁት። አባባና አቃ።

ጀዋድ ከበግ ጠባቂው የሱፍ ካባ ተውሶ ወጣ። አንድ ገለባ የጫነ መኪና መብራቱን አብርቶ ሲያዘግም አገኘ፣ ሾፌሩን ለምኖ ወደ ኋላ መለሰው። ሁለቱን ቢስክሌቶች ከመንገዱ ዳር ተጋድመው አዩአቸው። ከዚያ ወዲያ፣ ድሮ የበረዶ መጥረጊያው መኪና የሚያድርበት ቆርቆሮ ቤት የለም? አባባ ከመንገድ ወጥቶ ወደዚያ ሄዷል። ሥራ የገባ መስሎት ይሆናል። በሩ ተቆልፏል። አቃ ተከትሎት ደርሶ፣ ያቺን ጃኬት አልብሶት፣ የገዛ ካልሲውን አውልቆ እጁ ላይ አጥልቆለት፣ የግድግዳው ጥግ ላይ አስቀምጦታል። ራሱ ነፋሱ በሚገባበት በኩል፣ ጀርባውን ለበረዶው ሰጥቶ፣ አባባን አቅፎ ተቀምጧል። ጫማው ያለ ካልሲ ነው።

ጀዋድ ሲደርስ አባባ እጁን አንስቶ «ቀስ በሉ፤ ተኝቷል» አለው።

ገለባው ላይ አጋድመው፣ ገለባ አልብሰው፣ እያሹት ወሰዱት። ይተነፍስ ነበር። ቲማሕዲት ሳይደርሱ ቆመ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ስለ ቀብሩ ብዙ አልልህም። በማግስቱ አዝሩ ውስጥ ያሉ ዳቦ ቤቶች ሁሉ አልተከፈቱም። ስሙን ጠርተው ሲሰግዱለት የአንተን ቦታ ፈልጌ ዓይኔ ሲንከራተት ነበር፤ ሥራ እንደማይለቁህ አውቃለሁ።

የጃንደርማ ፖሊሱ ሲጠይቅ፣ «ልብስ አውልቁ ያለው ማነው? መኪናው ቀድሞ ይሂድ ያለው ማነው?» ሲል፣ መጀመሪያ የመለሰው ጀዋድ ነው። «ሁላችንም ያሻንን ነው የለበስነው» አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እንደሱ አሉ። ማንም አልመከራቸውም። አባባን ከክስ ያዳነውም፣ አቃን ለሞት የዳረገውም ያው ይሉኝታ ነው፤ እኔ እንግዲህ የቱን እንደማመሰግን የቱን እንደምረግም አላውቅም።

አባባን ከሆስፒታል ሳመጣው መጀመሪያ የጠየቀኝ «አቃ የት ሄደ?» ብሎ ነው። ነገርኩት። መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ለእናታችን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም። በማግስቱ ጠዋት «አቃ የት ሄደ?» አለኝ። እንደገና ነገርኩት፤ እንደገና እንደ አዲስ አለቀሰ። በሦስተኛው «ዳቦ ቤት ነው» አልኩት። አሁንም የምለው እሱኑ ነው። እሑድ እሑድ ማሊያውን ይለብስና ጣራ ላይ ይወጣል። ተራራውን ያያል። ከዚያ ወደ ባዶው መንገድ አዘንብሎ ይጣራል፤ አንዳንዴ «ሹራብ»፣ አንዳንዴ «ቀላል»። ጎረቤቶቻችን መስኮታቸውን ይዘጋሉ። በክፋት አይደለም፤ መስማት አቅቷቸው ነው። ማኅበሩ ፈርሷል። ቢስክሌት የነካ የለም።

ባለፈው ረቡዕ ያሙና መጣች። ለባሏ ዒዳ ተቀምጣለች፤ አራት ወር ከአሥር ቀኗን ሳትጨርስ ከቤት መውጣቷ ሰው እንደሚያማት ታውቃለች፤ ቢሆንም መጣች። ዐስር ሰግጄ የሐሪራ ሾርባውን እያማሰልኩ ነበር። ከራስ እስከ እግሯ የሐዘን ነጭ ለብሳ በሩ ላይ ስትቆም አባባ ከመደቡ ተነሳላት፣ ፈገግ አለና «ይህቺ የማን ሙሽራ ናት?» አለኝ።

የምገባበት አጣሁ። ያሙና ግን አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «የአቃ ነኝ፣ ሐጂ» አለችው።

«አቃ ጥሩ ልጅ ነው። ታድለሻል» አላት።

«አዎ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ኩሽና ገባን። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥ አለች።

«ሐጂ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ከአምና» አልኳት።

«ያን ጠዋት ሁሉም ሲስቅ አንቺ አልሳቅሽም። እኔ ከማዶ አይቼሻለሁ። አቃም አልሳቀም። ከዚያ መጥቶ ጆሮሽ ሥር አወራሽ። ምን አለሽ?»

ወደ ድስቱ ዞርኩ።

«ኢቶ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ በያዝነው ጾም። ያውቅ ነበር? እያወቀ ነው የሄደው?»

ዛይድ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? አዎ፣ ያውቅ ነበር ብላት፤ ባሌ አንድ ሽማግሌ እንዳያፍር ብሎ፣ እያወቀ፣ የሰጠሁትን ሹራብ ወርውሮ፣ እኔን መበለት ሁለት ሴት ልጆቹን የቲም አድርጎ ሄደ ብላ ትኖራለች። ነገ ልጆቹ ሲያድጉ ይጠይቋታል። ከእኛ ይልቅ ሐጂን መረጠ ወይ ይሏታል። ሙት አይከሰስ፣ አይመልስ፣ ይቅርታም አይጠይቅ፤ ቁጣዋ የሚያርፍበት አያገኝም። አያውቅም ነበር ብላት ግን የምትቆጣው ሕያው ሰው አገኘች። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ።

«አያውቅም ነበር» አልኳት። «የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሻዩ ጥሩ ነበር ነው ያለኝ።»

አንድ እርምጃ ቀረበችኝ።

«እንግዲያው አንቺ ነሽ የገደልሽው።»

«አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። አባባ በሩ ድረስ ሸኛትና «ለአቃ ሰላም በይልኝ» አላት፤ ዞር ብላም አላየችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሞቿ ሰላምታ ነሱኝ። በዚህ አልቀየማቸውም። ለዒድ ልብስ የሚያሰፉ ሴቶችም ቀሩ። በዚህ ሰሞን ድሮ ራሴን የማክበት ጊዜ አልነበረኝም፣ ዘንድሮ የልብስ ስፌት መኪናዬን ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ጀዋድ ብቻ አንዳንዴ አመሻሽ ላይ መጥቶ አባባን ይዞልኝ ይዞራል። እውነቱን ለእሱ ብቻ ነግሬዋለሁ፤ ያሙና ዘንድ ሄጄ ልናገር ቢለኝ እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ያሙና ቃሌን ሙሉ በሙሉ አላመነችም። ሴት ናት፣ ባሏንም ታውቀዋለች። አቃ ጁምዓ ጁምዓ ካንተ ጋር በስልክ ያወራ እንደነበር ታውቃለች፤ ከሀሩ ቁጥርህን ተቀብላለች። ከዒድ በኋላ ትደውልልሃለች። ያውቅ ነበር ወይ ብላ ትጠይቅሃለች።

አቃ በብርዱ ወራት ምን እንዳለህ ለእኔም ነግሮኛል። «ሐጂ ስምህን ሳይረሱ ና» እንዳለህ አውቃለሁ። ለምን አልመጣህም ብዬ ጠይቄህ አላውቅም፣ ከእንግዲህም አልጠይቅህም። ስትደውልልህ ግን አያውቅም ነበር በላት። ስለ አባባ ምንም ነግሮኝ አያውቅም በላት። ድምፅህ ቢንቀጠቀጥ ለጓደኛህ ያለቀስክ ይመስላታል። እኔን ስትሰድብ ብትሰማ አትከላከልልኝ። አደራ፣ የእናቴ ልጅ። በጾም ውሸት እንድትዋሽልኝ አልጠየቅኩህም፣ ከዒድ በኋላ ነው። ወንጀሉም በእኔ ይሁን።

አባባ ትናንት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን ረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና «ይህ ልጅ የአቃ ወንድም አይደለም?» አለኝ። ነው አልኩት። ደስ አለው።

ና ብዬ አላስቸግርህም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጆቹም ትምህርት ላይ ናቸው። የአንተ ክፍል እንደ ነበረች ናት፤ አልጋውን ትናንት አነጠፍኩት፣ አቧራ እንዳይዘው ብዬ ነው።

መግሪብ ሊደርስ ነው። አባባ ቀኑን ሙሉ ዳቦውን ሲበላ ውሎ፣ አሁን ተምሩን በእጁ ይዞ ከእኔ ጋር ሊያፈጥር አዛን ይጠብቃል። አላህ ጾምህን ይቀበልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ፤ በባዕድ አገር ደጋፊ አያሳጣህ። ለአቃ ይዘንለት፣ ቀብሩን ያስፋለት። ለያሙና ሶብር ይስጥልን። አባባን በሰላም ያሳርፍልን፤ ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ያቆይልኝ።

እህትህ
ኢቶ